ጀልባ ያልገዛው ገዢ

ሰውየው የተገኘው በጀርባው ተንጋሎ ነው። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ የጫማው ክር ታስሯል፤ ከጭንቅላቱ ስር ያለው ጠጠር በደም ባይበላሽ ኖሮ ሠርግ ሊሄድ ወጥቶ መንገድ ላይ እንቅልፍ የጣለው ይመስል ነበር። ከበላዩ በብረት እግሮች ላይ የቆመች ነጭ የሸራ ጀልባ አለች። መሰላሏም ጎኗ ላይ እንደተደገፈ ነው።

"ማን ነው?" አለ መርማሪው።

"ገዢው፣" አለ ዘበኛው ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ።

"የምን ገዢ?"

"ስሙ ነው እንጂ እንኳን ጀልባ መቅዘፊያም ገዝቶ አያውቅ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ እዚህ ይመጣል፣ አንዷ ላይ ይወጣል፣ ውስጧ ቁጭ ይላል፣ ሲመሽ 'እስቲ ላስብበት' ብሎ ይሄዳል። ደላላችን ነው 'ገዢው' ብሎ ያወጣለት። እሱም ስሙን አልጠላውም።"

መርማሪው ቀና ብሎ ግቢውን አየ። ያገለገሉ የሸራ ጀልባዎች የሚሸጡበት ግቢ ነው። ውሃው እዚያው አጥሩ ስር እያለ ጀልባዎቹ ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ባለቤት ይጠብቃሉ። እና ወይ ጉድ! እግሩ ይህን ግቢ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸው ነበር። ያቺ ባለ ሰማያዊ መስመሯ ሞተሯ አይሠራም። ያቺ ሰፊዋ ዋጋዋ ሁለት ጊዜ ወርዷል። ያቺ አረንጓዴዋ ደግሞ… የሷን ነገር ለጊዜው እንተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ መርማሪው እራቱን የሚበላው በአንድ እጁ ማንኪያ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ነው። ስልኩ ላይ የሚያየው ዜና አይደለም፣ የሚሸጥ የሸራ ጀልባ ነው። መግዣው የለውም። ዋና እንኳ አይችልም። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ይሄንን ነው። ግን ከመተኛቱ በፊት አንዷን ይመርጥና ወደማያውቀው ቦታ ይሄድባታል። ሁልጊዜም ብቻውን ነው የሚሄደው፣ በሐሳቡ እንኳ አብሮት የሚሳፈር ሰው አላገኘም። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለማን ይናገራል?

ጎንበስ ብሎ ሬሳውን አየ። የግራ ጫማው ምላስ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተጨማዷል። ይህን ተጫምቶ የሚራመድ ሰው የለም፣ ይቆረቁራል። ከመሰላሉ እግር ጎን ደግሞ መሰላል ቀድሞ የቆመባቸው የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ውሃ ቋጥረዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ነበር።

መሰላሉ ላይ እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ዘበኛው ጮኸ።

"ጌታዬ፣ ጫማዎን!"

"ጫማዬ ምን ሆነ?"

"በጫማ አይወጣም። የሰው ቤት አይደል? ወለሉ ይቧጠጣል። እዚህ የመጣ ሁሉ መሰላሉ ስር አውልቆ ነው የሚወጣው፣ ንጉሥም ቢሆን።"

የመርማሪው ካልሲ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። እያፈረ ወጣ።

የጀልባዋ ወለል አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቶ ገና ስላልደረቀ እግር ይይዛል። ካልሲ ያጠለቀ እግር ገብቶ የወጣበት ዱካ ይታያል። የመጨረሻው ዱካ ጠርዙ ላይ ነው፤ ጣቶቹ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ዞረዋል። ውስጥ፣ ከፊት አፍንጫዋ ጋ፣ ከልጅ በቀር ለማንም የማይበቃ ጠባብ አልጋ ላይ ትንሽ ትራስ ተቀምጧል። ቢጫ ጫጩቶች ተጠልፈውበታል።

"ቫርኒሹን ማን ቀባው?"

"እኔ ነኝ፣ ትናንት ጠዋት፣" አለ ዘበኛው ከታች። "ትራሱ የገዢው ነው። በየጀልባው ይዞት ይዞራል። ማታ ዞሬ አይቻለሁ፣ ያኔ ምንም አልነበረም።"

ደላላው ከቢሮው ወጥቶ መጣ። ወፈር ያለ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ ሲያወራ እጁ ከሰው ትከሻ ላይ የማይጠፋ ሰው ነው። ዓይኑ አልቅሶ ቀልቷል፣ ለቅሶው ደግሞ የውሸት አይመስልም።

"ወንድሜ ነበር፣" አለ። "አንድም ቀን ከኔ አልገዛም፣ አንድም ቀን ግን 'እንዴት አደርክ' ሳይለኝ አላለፈም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይሉ የለ?"

"ትናንት ገበያ ነበር?"

"በዚያ ዝናብ? ወፍ አልዞረም ጌታው! ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እጄን ሳሽ ውዬ ሳይጨልም ወደ ቤቴ።"

"መሰላሉን የነካው አለ?"

"ማን ይነካዋል?"

"ሌላ መሰላል አላችሁ?"

"የለንም። ሁለተኛው ከተሰበረ ቆየ።"

መርማሪው ገና ከግቢው ሳይወጣ አለቃው ደወለ። አለቃው ነገር ሲንዛዛ አይወድም።

"ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ባዶ ኪስ። ምን ቀረህ? ራሱን ነው ያጠፋው።"

"ዱካው ወደ ውስጥ የዞረ ነው። ራሱን የሚወረውር ሰው ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል።"

"ይሄ ውሃ አያነሳም። እስከ ነገ ማታ ሌላ ነገር ካላመጣህ ፋይሉን እዘጋዋለሁ።"

የሟች ልጅ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ፀጉር ሠሪ ናት፣ ጥፍሮቿ ስር የፀጉር ቀለም ገብቷል። የልጅ እናት መሆኗ ከቦርሳዋ ብቅ ካለው የጡጦ ጫፍ ይታወቃል። አላለቀሰችም። እንዲህ ያለችው ናት የምታስፈራው።

"አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣" አለች። "ራሱን ነው የጣለው?"

"ለምን እንደዚያ አሰብሽ እህቴ?"

"ባለፈው ሳምንት ደውሎ 'ጀልባ አግኝቻለሁ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይና እይ' አለኝ። ደንበኛ ተቀምጣለች፣ ልጄ ታለቅሳለች፣ ደክሞኛል። 'አባዬ፣ በጀልባህ አታድርቀኝ፣ ምናለ እንደ ሰው አርፈህ ብትቀመጥ' አልኩት። ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።" ጡጦውን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ከተተች። "ያ ቃሌ ከሆነ የገፈተረው ልወቀው። ዕድሜ ልኬን እየተጠራጠርኩ ልኖር አልችልም።"

መርማሪው አጠገቧ ቁጭ አለ። "እነግርሻለሁ፣" አላት። ቃል መግባት እንደማይገባው እያወቀ ነው የገባው።

የነጯ ጀልባ ባለቤት ጥርስ ሐኪም ነው። መርማሪው ክፍሉ ሲገባ ሐኪሙን አንድ ጉንጩ ያበጠ ሰው አፍ ውስጥ እጁን ከትቶ አገኘው።

"ሟቹን 'አንድ ቀን ከዚያ አወርድሃለሁ' ብለውት ነበር ይባላል።"

"ብዬዋለሁ!" አለ ሐኪሙ ሳይዞር። "ደንበኛ በመጣ ቁጥር 'የምሰሶዋ እግር በስብሷል' እያለ ያባርርብኛል። እርግጥ በስብሷል። ግን እሱን ምን አገባው?"

"ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?"

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። "እዚሁ ነበርኩ።"

"ምስክር አለዎት?"

ባለ ጉንጩ ሰውዬ የሐኪሙን እጅ ከአፉ አወጣ። "እኔ ነኝ ምስክሩ። እስኪመሽ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። ደህናውን ጥርሴን ነቀለልኝ። ዛሬ ደግሞ ለታመመው መጣሁ።"

ሐኪሙ እንዲህ ካለ ምስክር መታሰሩን ሳይመርጥ አልቀረም። መርማሪው ሳቁን እንደያዘ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ቂም የነበረው ሰው አንድ እሱ ነበር፣ እሱም ነፃ ሆነ።

ሬሳውን የመረመረችው ሐኪም ደወለች።

"እንደወደቀ አልሞተም፣" አለችው። "ጥቂት ቆይቷል። ሰው ቶሎ ቢደርስለት ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር። ሌላው ደግሞ ካልሲው ነው። ስሩ ቢጫ የሚያጣብቅ ነገር ነክቶታል። ጫማውን ስናወልቅ ከውስጡ ጋር ተጣብቆ አስቸገረን።"

መርማሪው ስልኩን ይዞ ቀረ። ሰውየው ያለ ጫማ ወጣ፣ ያለ ጫማ ቫርኒሹን ረገጠ፣ ያለ ጫማ ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ጫማ አደረገ ማለት ነው። ራሱ እንዳላደረገው የታጠፈው ምላስ ይመሰክራል። ታዲያ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ወድቆ ለሚያጣጥር ሽማግሌ ጫማ ያለብሳል፣ ክሩንም ያስራል። ለምን? ሌባ ጫማ ያወልቃል እንጂ ያለብሳል እንዴ?

ወደ ግቢው ተመለሰ። ዘበኛውን በሩ ላይ አገኘው።

"አባቴ፣ 'ማታ ዞሬ አይቻለሁ' ያሉኝ እውነት አይደለም።"

የዘበኛው ቆብ እንደገና ተጨመቀ። "ኳስ ነበር፣" አለ በመጨረሻ። "አምሽቼ ነው የገባሁት። አልዞርኩም። ቢያስሩኝም ይገባኛል። ብዞር ኖሮ እኮ ገና ከሩቅ ጫማውን አይ ነበር።"

"ጫማውን ቢያዩ ምን ይሆናል?"

"እንዴ! ጫማ መሰላል ስር ካለ፣ ላይ ሰው አለ ማለት ነዋ! ጫማ ካለ መሰላል አይነካም፣ በር አይቆለፍም። የግቢያችን ሕግ ይሄ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ከደሞዙ በፊት የሚነገረው ይሄ ነው።"

መርማሪው ወደ መኪናው ሄደ። ልቡ ግን አንድ ነገር ይዞ ቀረ። የውጭ ሰው የሟች ጫማ የትም ቢወድቅ ግድ የለውም። ጫማ ከመሰላል ስር መገኘቱ የሚያስፈራው፣ የጫማን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ያን ዕለትም እራቱን እንደ ልማዱ ብቻውን በላ። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ስልክ። ጣቱ ሳያስበው ወደ አረንጓዴዋ ሄደ። አሁን እንግዲህ የሷን ነገር እናንሳ፤ ረጅም ናት፣ ጎኗ አረንጓዴ፣ መስኮቶቿ ክብ። ከወራት ጀምሮ "ደህና እደሪ" ሳይላት ተኝቶ አያውቅም። ትናንት ማታ ብቻ ሥራ አምሽቶ ስልኩን ሳይከፍት ተኛ፤ ምሳ ሰዓት ግን አይቷታል፣ ነበረች። ዛሬ ግን ፎቶዋ ላይ በትልቅ ቀይ ፊደል "ተሸጣለች" ይላል።

ልቡ ስንጥቅ አለ። የሚወዳት ልጅ ሌላ አገባች እንደተባለ ጎረምሳ ማንኪያውን አስቀመጠ። አይ ሰው! የሌለውን ነገር ተቀማሁ ብሎ ያዝናል። ሐዘኑን ሳይጨርስ ግን የፖሊስ አእምሮው ነቃ። ዛሬ ግቢው ቀኑን ሙሉ በፖሊስ ተዘግቶ ውሏል። ከተሸጠች ትናንት ነው፣ በዝናቡ። ደላላው ደግሞ ወፍ አልዞረም ብሏል። ያቺን ረጅም ጀልባ ያለ መሰላል ማን ወጥቶ ያያታል?

በማግስቱ ጠዋት አረንጓዴዋን አንዲት ሴትዮ የፕላስቲክ ጓንት አድርጋ ስትፈትጋት አገኘ። አዲሷ ባለቤት ናት። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ አስቀናው።

"ጀልባዋን ያዩት መቼ ነው?"

"ትናንት ወዲያ፣ ከባለቤቴ ጋር። ዝናቡ እየወረደብን! ደላላው ምስኪን መሰላሉን ተሸክሞ ነው የመጣልን።"

"ከየት ነው ያመጣው?"

"ከዚያች ከነጯ ላይ። እንዲያውም እዚያ ስር የሰው ጫማ ነበር። 'ኧረ ጫማው ዝናብ እየመታው ነው' አልኩት። በእግሩ ወደ ጀልባዋ ስር ገፋ አደረገውና 'ግድ የለም፣ የራሱ ቤት ነው፣ አይወርድም' አለኝ።" የሴትዮዋ እጅ ቆመ። "ምነው? ምን ሆነ?"

መርማሪው ወደ ቢሮው ዞረ። ደስታዋን ሊወስድባት አልፈለገም፣ ለማንኛውም ከሰዓት በኋላ ትሰማዋለች።

ደላላው ቢሮው ውስጥ የጀልባ ቁልፎች ከተሰቀሉበት ግድግዳ ስር ተቀምጧል።

"ጌታው! ግባ፣ ግባ—"

"ጫማውን አይተኸው ነበር።"

ደላላው ትከሻው ላይ ሊያሳርፈው የዘረጋውን እጅ አየር ላይ አቆመው። ከዚያ መለሰው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እንደ ንጋት ቀስ ብሎ ሳይሆን፣ የሰውዬው ፊት ላይ በአንድ ጊዜ ነው የጠራው።

"አይቼዋለሁ፣" አለ።

"ታዲያ ለምን አልጠራኸውም?"

"ስንት ወር ሙሉ አንድ ጀልባ አልሸጥኩም። ሴትዮዋ ዝናብ ላይ ቆማ ባሏን ታየዋለች፣ ባሏ መኪናውን ያያል። ልጠራው አስቤ ነበር። ግን ከጠራሁት ይወርዳል፣ ከወረደ ደግሞ የጀልባ ወሬ ይጀምራቸዋል፣ ገበያዬን ያበላሻል አልኩ። ገዢው አይደል? የት ይሄዳል? እዚያ ቁጭ ብሎ ያልማል፣ ቶሎ እመልስለታለሁ አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"ሸጥኩ። ደስ አለኝ። ተጨባበጥን፣ እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው።" ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "ረሳሁት። በቃ፣ ረሳሁት።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መርማሪው ይህን በሆዱ ያዘው።

"ስመለስ ወድቋል። ይተነፍስ ነበር።"

"አምቡላንስ ለምን አልጠራህም?"

"ስልኬን አውጥቻለሁ! ከዚያ ሳይ መሰላሉ አረንጓዴዋ ላይ ነው፣ ጫማው ጀልባዋ ስር ነው። እዚህ ግቢ የሚሠራ ሁሉ ሲያይ አንድ ነገር ነው የሚገባው፤ ጫማ እያየ መሰላል ያነሳ ሰው አለ። መጀመሪያ ይሄን ላስተካክል፣ ከዚያ እደውላለሁ አልኩ። መሰላሉን መለስኩ። ጫማውን አጠለቅኩለት። ሁለተኛውን ሳስር ዓይኑን ገለጠ።"

"ተናገረ?"

"'ተሸጠች እንዴ?' አለኝ።"

 ደላላው ቀጠለ።

"መሰላል የሚነሳው ጀልባ ሲሸጥ ነዋ። እግሩን ወደ ኋላ ሰድዶ መሰላሉን ሲያጣው፣ በሱ ቤት ሸጥንበት። 'አልተሸጠችም፣ ያንተው ናት' አልኩት። ከዚያ… ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።"

"ስልኩ እጅህ ላይ ነበር።"

"እጄ ላይ ነበር፣" አለ ደላላው። "ምን ብዬ ልደውል?"

መርማሪው ወንጀለኛ ሲይዝ አንድ ዓይነት እርካታ ይሰማው ነበር። ዛሬ ምንም አልተሰማው። ገዢው በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ወዳጅ አንድ ደላላ ነበር፣ ያም ደላላ ከወዳጁ ነፍስ ይልቅ የራሱን ስም አስቀደመ። ካቴናውን ሲያስርለት ደላላው እጁን አልሸሸገም።

አመሻሹ ላይ የሟቹን ልጅ ወደ ግቢው ይዟት መጣ። ነጯ ጀልባ ስር ቆመው ነገራት። ካልሲውን፣ መሰላሉን፣ ጫማውን፣ አልሸሸጋትም። ጠርዙ ላይ ያለውን ዱካ ሲያስረዳት ግን ራሱ መሰላሉ ላይ ሁለት ደረጃ ወጥቶ አሳያት።

"ሰው መሰላል ሲወርድ እንዲህ ፊቱን ወደ ጀልባዋ አዙሮ ነው። አባትሽ እየወረደ ነበር። ወደ ቤቱ ሊሄድ። አልጣለም ራሱን።"

አሁን አለቀሰች። የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ መጣ፣ መርማሪውም ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ቆሞ ጠበቃት። ሲቀልላት ትራሱን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት።

"ይሄ የኔ ነው፣" አለች ጫጩቶቹን በጣቷ እየነካች። "እናቴ ናት የጠለፈችው። ከየት አገኙት?"

"ውስጥ ትንሽ አልጋ አለች፣ ለልጅ የምትበቃ። እሷ ላይ ነበር።"

ትራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋች። "ልጄን ይዤ እንድመጣ ነው የነገረኝ፣" አለች። "የምትተኛበትን ሊያሳየን ፈልጎ።" ከዚያ ቀና ብላ ጀልባዋን አየቻት። "መውጣት ይቻላል?"

"ይቻላል። ጫማሽን ግን እዚህ።"

አወለቀች። ሁለቱን ጫማዎቿን መሰላሉ ስር ጎን ለጎን አስቀምጣ ትራሱን ብብቷ ስር ይዛ ወጣች። መርማሪው መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። ከላይ እርምጃዋ ይሰማል፣ ከዚያ የጀልባዋ አፍንጫ ጋ፣ ትንሿ አልጋ ዘንድ ሄዶ ቆመ። እራት ሰዓት ደርሷል፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አላወጣውም።

ዘበኛው ግቢውን ሊዘጋ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ። መሰላሉ ስር ያለውን የሴት ጫማ አየ፣ ወደ ላይ አየ፣ መርማሪውን አየ።  ቁልፉን ኪሱ ከተተና የመሰላሉን ሌላኛውን እግር ያዘ።